«ማን አገናኛችሁ?» ቢሉን ምን እንመልስ?

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርተውኝ ነበር። እኒህ እናት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ባለቤታቸውን በሞት የተነጠቁ፣ አራት ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ለማብቃት ብዙ የደከሙ ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ አደራ ስላሉኝ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ሰፈራችን ልጆች «እትዬ» እያልኩ ብቻ አነሣቸዋለሁ።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንቺ ጋዜጠኛ ስለሆንሽ ይህን ነገር ሳትሰሚው አትቀሪም» ሲሉ ጀመሩ። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖረው የመጨረሻ ልጃቸው ደውሎ «የማገባትን ልጅ አግኝቻለሁ፤ ወላጆቿ አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ሽማግሌ ላኪልኝ» ብሏቸዋል። ልጁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ስለነበር የእትዬ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ «ለመሆኑ ማን አገናኛችሁ?» ብለው ሲጠይቁት የሰጣቸው መልስ ደስታቸውን አደፈረሰው። «ማንም አላገናኘንም፤ በስልኬ ነው ያገኘኋት» አላቸው።

«እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ምን ብዬ ልላካቸው? የልጅቱ አባት ‹ልጃችንን የት አያት? ማን ነገራችሁ?› ብለው ሲጠይቁ ‹ስልክ ነገረን› ይበሉ? ደግሞስ ሰው እንደ ሸቀጥ ከስልክ ላይ ይመረጣል?»

ውድ አንባቢያን፤ ይህ ጥያቄ የእትዬ ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ እናቶች ይዋል ይደር እንጂ ይህ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። እዚሁ በከተሞቻችንም በፌስቡክና በቴሌግራም ተዋውቀው ለትዳር የሚተሳሰቡ ወጣቶች ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ በዛሬው አምዳችን ሁለት ነገሮችን አብረን እንመልከት። አንደኛው፣ በስልክ መፈላለግ የወንዱንና የሴቷን ምርጫና ጠባይ ምን ያደርገዋል? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ወላጅና ዘመድ በዚህ መካከል ምን ድርሻ አላቸው? የሚለው ነው።

ነገሩ ከጥንትም ነበር

በመጀመሪያ አሠራሩን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ እንግለጽ። ፈላጊው ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ይጭናል። ፎቶግራፉን፣ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ ሥራውን፣ ሃይማኖቱን፣ ከፈለገም ስለ ጠባዩ ጥቂት መስመሮች ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ስልኩ የሌሎችን ፊት ተራ በተራ ያሳየዋል። የወደደውን በጣቱ ወደ ቀኝ፣ ያልወደደውን ወደ ግራ ይገፋል። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ወደ ቀኝ ከተገፋፉ መጻጻፍ ይፈቀድላቸዋል። ይህን በጣት የመግፋት ዘዴ በዓለም ዙሪያ ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ቲንደር» የተባለው መተግበሪያ ነው።

ነገር ግን ዘዴው አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1695 በእንግሊዝ አገር በሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነ፣ ጥሩ ርስት አለኝ የሚል ሰው ሚስት እንደሚፈልግ አስታውቆ ነበር። የሚፈልጋት ወጣት፣ ከነሀብቷም ወደ 3,000 ፓውንድ የሚጠጋ ያላትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥያቄ ወረቀት አባዝተው፣ ከእያንዳንዱ ፈላጊ 3 ዶላር እየተቀበሉ፣ መልሱን በኮምፒዩተር እያስተያዩ ወንድና ሴት ማገናኘት ጀመሩ። «ማች» የተባለው የኢንተርኔት አገናኝ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በእኛም አገር ቢሆን የዛሬዎቹ እናቶች በወጣትነታቸው ከማያውቁት ሰው ጋር የብዕር ጓደኝነት ይዘው፣ ፎቶግራፍ ይለዋወጡ እንደነበር የሚያስታውሱ ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ የዛሬው ልዩነት ብዛቱና ፍጥነቱ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሮዘንፌልድና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ከተገናኙት ወንድና ሴት ጥንዶች መካከል በኢንተርኔት የተዋወቁት ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከተገናኙት መካከል ግን ከመቶ 39 ያህሉ በዚሁ መንገድ የተዋወቁ ሆነው ተገኝተዋል። የእትዬ ልጅ በሚኖርበት አገር፣ በስልክ መፈላለግ የጥቂት ሰዎች ዓመል መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰዎች መንገድ ሆኗል ማለት ነው።

ሴቷ ምን ትመርጣለች? ወንዱስ?

ሰዎች ምን እንደሚመርጡ በቃል ቢጠየቁ መልካም መልካሙን ይናገራሉ። ጠባይ፣ እምነት፣ ሰው አክባሪነት ይላሉ። በኢንተርኔት የሚፈላለጉ ሰዎች ግን ለማን እንደጻፉና ለማን እንዳልመለሱ ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ ተመራማሪዎች ከቃሉ ይልቅ ድርጊቱን ለማየት ችለዋል።

ጉንተር ሂች፣ አሊ ሆርታችሱና ዳን አሪዬሊ የተባሉ ሦስት ምሁራን፣ በቦስተንና በሳን ዲዬጎ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያደረጉትን መጻጻፍ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ያገኙትም ይህን ነበር። ሁለቱም ጾታዎች መልክን ይመለከታሉ፤ ሴቶቹ ግን ለወንዱ ገቢ ከወንዶቹ ይበልጥ ክብደት ይሰጣሉ። ሴቶች ረዘም ያለ ወንድ ሲፈልጉ ወንዶች ደግሞ ከነርሱ የምትረዝም ሴት አይመርጡም። አጠር ያለ ወንድ ከረጅሙ እኩል ተፈላጊ እንዲሆን በገቢው እጅግ ልቆ መገኘት ነበረበት። ከዚህም ሌላ በትምህርት፣ በሃይማኖትና በዘር የሚመሳሰሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይፈላለጉ ነበር።

በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ኤልዛቤት ብሩክና ማርክ ኒውማን በአራት ትላልቅ የአሜሪካ ከተሞች ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከዚህ ጥናት ውስጥ ለእኛ ለሴቶች መራራ የሆነ ነገር አለ። በዚያ ገበያ ላይ የሴቷ ተፈላጊነት ከ18 ዓመቷ ጀምሮ እየቀነሰ ሲሄድ፣ የወንዱ ግን እስከ 50 ዓመት ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። ከፍተኛ ትምህርትም ቢሆን ለወንዱ መወደጃ ሲሆነው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የተማረችው ሴት ግን በመማሯ ተፈላጊነቷ አልጨመረላትም። ይህን ሳነብ «ብዙ ከተማርሽ ባል አታገኚም» የሚሉን የድሮ አክስቶቻችን ትዝ አሉኝ። ስልኩ አዲስ ነው፤ አስተሳሰቡ ግን አብሮት አልታደሰም።

ይሁንና እነዚህ ምሁራን የደረሱበት ሌላም ነገር አለ። ወንዱም ሴቷም በአማካይ ከራሳቸው ተፈላጊነት ሩብ ያህል ወደሚበልጠው ሰው መጻፍ ይመርጣሉ። ሁሉም ሽቅብ ይመለከታል፤ ከጎኑ ያለውን የሚያይ ጥቂት ነው።

አንዱ ለሌላው ጠባይ ምክንያት ነው

የእትዬ ልጅ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጁ አጭር ነው። በመጀመሪያው ዓመት እውነተኛ ቁመቱን አስፍሮ ለብዙ ሴቶች ጻፈ፤ የመለሱለት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተስፋ ሲቆርጥ ሳይመርጥ ላገኛት ሁሉ ሰላምታ ብቻ እየላከ መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ የእጮኛነት ቀለበት ያሰረችለት ልጅ ደግሞ ነርስ ነች። እርስዋ በበኩሏ ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ስልኳን ስትከፍት ሃምሳና ስድሳ ሰላምታ ይጠብቃት ነበር። አብዛኛው ከአንዲት ቃል አያልፍም። ሁሉንም አንብባ መመለስ ስለማትችል «ከዚህ ቁመት በታች፣ ከዚህ ዕድሜ በላይ የሆነውን አታሳየኝ» ብላ ስልኳን አዘዘችው።

እስቲ ልብ ብለው ይመልከቱት። ወንዱ መልስ ስላጣ ለሁሉም ይጽፋል። ሁሉም ለሁሉም ስለሚጽፍ ሴቷ ትጨናነቃለች። ስትጨናነቅ ወንፊቷን ታጠብቃለች። ወንፊቱ ሲጠብቅ ወንዱ ይበልጥ መልስ ያጣል። «የዛሬ ወንዶች ቁም ነገር የላቸውም» እና «የዛሬ ሴቶች ኩራተኞች ናቸው» የሚሉት ሁለቱ ወቀሳዎች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

ይህ የሁለቱ ልጆች ዕጣ ብቻ እንዳልሆነም የተረጋገጠ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረገውና በተከታዩ ዓመት ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በእነዚህ አገናኞች ከተጠቀሙት ሴቶች መካከል ከመቶ 54ቱ የሚደርሳቸው መልእክት ብዛት እንዳጨናነቃቸው ተናግረዋል። ከወንዶቹ ደግሞ ከመቶ 64ቱ መልእክት በማጣት በራሳቸው መተማመን እንደቀነሰ ገልጸዋል። አንዷ ከብዛት የተነሣ፣ አንዱ ከማጣት የተነሣ ሁለቱም ይደክማሉ። ይህን ያዩ አንዳንድ ድርጅቶች መፍትሔ ለመሻት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው «ባምብል» ለምሳሌ፣ በወንድና በሴት መካከል መጀመሪያ የምትጽፈው ሴቷ ብቻ እንድትሆን ደንግጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ደንቡን አላላው።

ወደ እትዬ ልጅ እንመለስ። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ቁመቱ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ጨመረ። ነርሷም ብትሆን ከዕድሜዋ ላይ ሁለት ዓመት ቀንሳ ኖሯል! ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ቡና ቤት መጀመሪያ ሲገናኙ «ስልኩ ላይ ረዝመህ ነበር» አለችው። ከሳምንታት በኋላ የርሷም ምስጢር ሲወጣ ተሳስቀው ተላለፉ። በዚህም ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ ከተማ 80 የኢንተርኔት ፈላጊዎችን አስጠርተው ቁመታቸውን በሜትር ለኩ፤ ክብደታቸውን በሚዛን መዘኑ፤ ዕድሜያቸውንም ከመታወቂያቸው አመሳከሩ። ከአሥሩ ስምንቱ ቢያንስ በአንዱ ዋሽተው ተገኙ። ወንዶቹ በቁመት ላይ ሲጨምሩ ሴቶቹ ከክብደት ላይ ቀንሰዋል። ውሸቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነበር። በአካል ሲገናኙ መጋለጥ እንዳለ ያውቃሉና።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ስነግራቸው ስቀው ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥሎም «አባቱም አጭር ነበሩ» አሉኝ፤ «ሠላሳ ሁለት ዓመት ይህን ቤት ያቆሙት ግን በቁመታቸው አይደለም።»

ወንፊቱ የማያጣራው

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በእትዬ አባባል ውስጥ ይገኛል። ስልክ ሊያጣራ የሚችለው የሚቆጠረውንና የሚለካውን ነው። ዕድሜ ይቆጠራል፤ ቁመት ይለካል፤ ደሞዝ ይሰላል። ልጅ ሲታመም ሌሊት የሚነሣው ማን ነው? ሲቆጣ እጁን የሚሰበስብ ማን ነው? ደሞዙን ቤት የሚያደርስ፣ የሚስቱን እናት እንደ እናቱ የሚያይ፣ ባሏ ሥራ ሲያጣ የማታዋርደው ማን ናት? እነዚህን የሚያጣራ ወንፊት እስከ ዛሬ አልተሠራም። እኛ የቤት ሥራ የምናውቅ ሴቶች እንደምንረዳው፣ ወንፊት ዱቄቱ የላመ መሆኑን ይለያል እንጂ እንጀራው ይጣፍጥ አይጣፍጥ አይናገርም።

ከዚህም በላይ፣ ሰው በወረቀት ላይ እፈልገዋለሁ የሚለውና ፊት ለፊት ሲያየው የሚወደው አንድ አይደለም። ፖል ኢስትዊክና ኢላይ ፊንክል የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ወጣቶችን አስቀድመው ምን እንደሚመርጡ ጠየቋቸው። ወንዶቹ ለመልክ፣ ሴቶቹ ለወደፊት ገቢ ይበልጥ ክብደት ሰጡ። ከዚያ ለጥቂት ጥቂት ደቂቃዎች ተራ በተራ ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከንግግሩ በኋላ የወደዷቸውን ሲመርጡ፣ ያ የወንድና የሴት ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ። አስቀድመው የተናገሩት ምርጫም ማንን እንደሚወዱ አላመለከተም። ነርሷ የእትዬን ልጅ ቁመት ያየችው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ሲያወጉ ግን ቁመቱን ረሳችው። እውነተኛ ቁመቱን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ስልኳ ከነጭራሹ ባላሳያት ነበር። ይህን የምለው ውሸትን ለማወደስ ሳይሆን፣ ወንፊትን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ምን እንደሚያስቀር ለማሳየት ነው።

ሌላው ጉዳት የብዛቱ ነው። መርካቶ ነጠላ ሊገዙ የወጡ ሴት ሦስት ሱቅ አይተው ቢሆን ኖሮ በጊዜ ገዝተው ይመለሱ ነበር። ሃያ ሱቅ ሲያዩ ግን ጥለቱ ሁሉ ይምታታባቸውና የመጀመሪያውን ይመኛሉ፤ አልያም ሳይገዙ ይመለሳሉ። በኔዘርላንድስ የሚገኙ ቲላ ፕሮንክና ያፕ ዴኒሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳወቁት፣ ሰዎች የእጩዎችን ፎቶግራፍ ተራ በተራ ሲመለከቱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ የመቀበል ዕድላቸው ከመቶ 27 ያህል ይቀንሳል። ብዙ ባዩ ቁጥር ዐይናቸው ጉድለት መፈለግ ይለምዳል ማለት ነው። አባቶቻችን «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ያሉት ስልክ ሳይፈጠር ነው።

የጎደለው ሰው

የሮዘንፌልድ ጥናት ሌላም ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከተገናኙት አሜሪካውያን ጥንዶች ከመቶ 33ቱ ያህል ያስተዋወቃቸው ወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ቁጥር ወደ 20 ወርዷል። የቤተሰብ አገናኝነትም አብሮ ቀንሷል። ስለዚህ ስልኩ የተካው ማስታወቂያውን ወይም ደብዳቤውን አይደለም። የተካው በመካከል የነበረውን ሰው ነው።

ያ በመካከል የነበረ ሰው፣ አክስትም ትሁን የሥራ ባልደረባ ወይም የዕቁብ ጓደኛ፣ ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱ ማሳየት ነው። ይህን ስልኩ ከእርሱ የበለጠ ያከናውነዋል። ሁለተኛው ዋስ መሆን ነው። «አውቀዋለሁ፤ ከቤቱ ገብቼ አይቻለሁ፤ ቢበድልሽ እኔ አለሁ» የሚለው ቃል የሚወጣው ከሰው አፍ ብቻ ነው። የተጣላ ባልና ሚስት ሲሸመገሉ የሚጠራውም ይኸው ሰው ነበር። ስልክ ያሳያል እንጂ ዋስ አይሆንም፤ ለሽምግልናም አይቀመጥም።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። እትዬ ራሳቸው «እኔንስ ማን ጠየቀኝ? አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጨርሰው ነው የነገሩኝ» ብለውኛል። እርሳቸው ደግ ሰው ገጠማቸው፤ ያልገጠማቸው ስንቶች ናቸው! ያኔም ወንፊት ነበረ፤ የሚያጣራው ግን በርስት፣ በከብትና በዘር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱም ተጋቢዎች 18 ዓመት ሲሞላቸውና ነፃና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ መምረጥ የልጆቹ መብት ነው። የወላጅና የዘመድ ድርሻ መጠየቅና ዋስ መሆን ነው።

በስልክ የተገናኘ ትዳር ሁልጊዜ ደካማ ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣና ከ19,000 በላይ ያገቡ አሜሪካውያንን በመረመረ ጥናት፣ በኢንተርኔት ተገናኝተው የተጋቡት ከሌሎቹ በጥቂቱ ያነሰ መለያየትና በጥቂቱ የላቀ እርካታ ታይቶባቸዋል። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ከእነዚሁ አገናኝ ድርጅቶች አንዱ መሆኑን ግን አብሮ ማወቅ ይገባል። ያም ሆነ ይህ፣ ቤት የሚጸናው በተገናኙበት ስፍራ ሳይሆን ከተገናኙ በኋላ በሚሠሩት ነው።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ለእናቶችና ለራሳቸው ለፈላጊዎቹ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮችን እንሰንዝር።

አንደኛ፤ ወንፊቱን ማላላት። ልጅዎ የምትፈልገውን ባል ስትዘረዝር፣ ዝርዝሩን ለሁለት እንድትከፍለው ይምከሯት። በአንድ ወገን ቤት የሚያቆመውን፣ በሌላ ወገን ዐይን የሚያስደስተውን ታስፍር። የመጀመሪያውን አጥብቃ፣ ሁለተኛውን አላልታ ትያዝ። ለወንድ ልጅዎም እንዲሁ ይንገሩት። ከእርሱ በላይ የተማረች ሴት ቤት ታቆማለች እንጂ አታፈርስም።

ሁለተኛ፤ ቶሎ በአካል መገናኘት። ለወራት በጽሑፍ ብቻ የተገነባ ፍቅር፣ ያልታየውን ሰው በምኞት ይሞላዋል። ግንኙነቱ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ስፍራ ይሁን። ልጅቱ ወዴትና ከማን ጋር እንደምትሄድ ለአንድ የምታምነው ሰው ትንገር።

ሦስተኛ፤ በብርቱ የማሳስበው፣ በአካል ላልታየ ሰው ገንዘብ አለመላክ ነው። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እንዳሳወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በሐሰተኛ ፍቅረኞች መታለላቸውን አመልክተዋል፤ የጠፋው ገንዘብም 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። አታላዩ በመጀመሪያ ይወዳል፣ ቀጥሎ ይታመማል ወይም ጉምሩክ ዕቃ ይያዝበታል፣ በመጨረሻ ገንዘብ ይጠይቃል። በዐረብ አገር በላብዋ ሠርታ የምታጠራቅም እኅት ካለችዎት ይህን አጥብቀው ይንገሯት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና።

አራተኛ፤ በመካከል ሰው ማስገባት። ነገሩ ቁም ነገር መያዝ ሲጀምር ሁለቱም ጓደኞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ያስተዋውቁ። ለማንም ልታይ የማይል፣ ጓደኛም ዘመድም የለኝም የሚል ሰው ምክንያቱን ይጠየቅ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል።

አምስተኛውና ለወላጆች ብቻ የምናገረው ይህ ነው፤ ልጆችዎን አያሳፍሯቸው። «ከስልክ ላይ የተለቀመች» የምትል አንዲት ቃል ከአፍዎ ከወጣች፣ ልጅዎ ሁለተኛ እውነቱን አይነግርዎትም። ውሸት ፈጥሮ «በጓደኛ ተዋወቅን» ይልዎታል። ያን ጊዜ በመካከል የሚጠይቅ ሰው ጨርሶ ይጠፋል። በስልክ መገናኘት ከሚያመጣው አደጋ ይልቅ፣ በስልክ መገናኘትን ከመደበቅ የሚመጣው ይብሳል።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ

እትዬ ከብዙ ማሰላሰል በኋላ እውነቱ እንዲነገር ወሰኑ። ሦስት ሽማግሌዎች መርጠው ላኩ። ከመካከላቸው አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የልጅቱ አባት ከሰላምታና ከወጉ በኋላ፣ እንደተፈራውም፣ «ለመሆኑ ልጆቹን ማን አገናኛቸው?» ሲሉ ጠየቁ። መምህሩም «ያገናኛቸው ስልክ ነው፤ ዋስ ሆነን የመጣነው ግን እኛ ነን» ብለው መለሱ።

የልጅቱ አባት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ስልኩ አንድም ነገር አልጠየቁም። የጠየቁት ልጁ የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ለእናቱ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር የእኅታቸው ልጅ እንዳለችም ገልጸው፣ «እርሷ ቤቱ ሄዳ ትየው፤ እኛም ጠይቀን እንመለስላችሁ» በማለት ሽማግሌዎቹን በክብር ሸኟቸው።

ይህን የሰሙት ልጅ ከአሜሪካ ደውሎ «መቼም ቢሆን ምርመራው አይቀርም ማለት ነው?» ብሎ እናቱን ጠይቋቸው ነበር። እትዬም «አይቀርም፤ ያን ስልክህ አይሠራውማ!» አሉት።

ባለፈው እሑድ የእኅት ልጅየዋ ወሬ ደርሷል። ልጁ ምሳ ሠርቶ ተቀብሏታል፤ ቤቱን ንጹሕ፣ ጓደኞቹን ጨዋ ሆነው አግኝታቸዋለች። አጭር መሆኑንም ሳትጠቅስ አላለፈችም። ሽማግሌዎቹ ለመጪው እሑድ ሁለተኛ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። እትዬም ነጠላቸውን አጥበው፣ ለመልካም ወሬ ቡናቸውን ለቅመው አዘጋጅተዋል።

ውድ አንባቢያን፤ የእርስዎም ልጅ አንድ ቀን «በስልክ አገኘኋት» ብሎ ቢመጣ አይደንግጡ። «ማን አገናኛችሁ?» ብለው አይቁሙ። «ማን ያውቀዋል? ማን ያውቃታል?» ብለው ይቀጥሉ። ከሚያውቁት መካከል አንዷ እርስዎ ይሁኑ።